አርባ አንድ አሜን

ቢቸና ውስጥ አቤቱታ የማይቀርብበት መሥሪያ ቤት ተገኝቷልና ሄደህ ዘግብ ተባልሁ። ያዘዘኝ ዋና አዘጋጄ ነው፤ በስልክ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ከተሻገርን ጥቂት ዓመታት ሆኖን ነበር። እኔ ሞጣ ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ የምሥራቅ ጎጃምን ወሬ መላክ ከጀመርሁ አሥራ ምናምን ዓመት አልፎኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን አቤቱታ የሌለበት ቦታ ያየሁት መቃብር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አጥሩ ያጨቃጭቃል።

«ማስረጃ አለ?» አልሁት።

«ሪፖርታቸው እጄ ላይ ነው። በአራተኛው ሩብ ዓመት የቀረበ አቤቱታ፣ ዜሮ። የቀረበ ማመልከቻ፣ ዜሮ። ወረቀት አልባ አሠራር ጀምረው እኮ ነው፤ በኢሜይል ብቻ ነው የሚቀበሉት።»

«ማመልከቻም ዜሮ?»

«ሰው ረክቷላ!»

ጽሕፈት ቤቱ የመምህራንን የዝውውር ጥያቄ ተቀብሎ የሚያደራጅ ማስተባበሪያ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ከጊዜ በኋላ በመዋቅር ለውጥ ፈርሷል። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ከሞጣ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሴት የፕላስቲክ ማኅደር ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ሰው ማኅደር እንዲያ ካቀፈ ወይ ፍርድ ቤት ይሄዳል ወይ ዝውውር ይጠይቃል። ቀራንዮን አለፍን። ከዚያ ዝናቡ ሲበረታ መስኮቱን አብረን ስንገፋ ወሬ ተጀመረ። መምህር ናት። የሞጣ ጨርቅ ነጋዴዎች ምራት ናት፤ ባሏም ሱቁን ከእናቱ ጋር ይዟል። እሷ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችው ከየጁቤ ቁልቁል፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወረድ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ነው።

«ዝውውር ልጠይቅ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈኝ ሌላ ዓመት ነው።»

«በኢሜይል ነው የሚቀበሉት ሲባል ሰማሁ።»

«ሦስት ጊዜ ላክሁ። ሦስቴም ተመለሰብኝ።» ከማኅደሯ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ የተቀባዩ የመልእክት ሳጥን ሞልቷል ይላል።

መልሼ ሰጠኋት። ያልጠየቅኋትን ነገረችኝ።

«ትምህርት ተዘግቶ ባለፈው ሳምንት ስመጣ በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት። ሦስት ዓመት አልፏታል፤ አፏን ፈታለች። አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ፣ ‹እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል› አለች። እማዬ የምትላት አያቷን ነው።» ሳቀች። «ወላሂ፣ እንግዳ መሆኔንስ አልካድሁም። ሻይ ቀርቦልኝ ጠጣሁ።»

ማስታወሻ ደብተሬን አላወጣሁም። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለ፦ ጋዜጠኛ ያያል፣ ይጽፋል፣ አይነካም። የተላክሁት ስለ ረካ ሕዝብ ልጽፍ ነው፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ደግሞ ያልረካች አንዲት ሰው ናት። አንድ ሰው ሪፖርት አያፈርስም ብዬ አለፍሁት።

ቢቸና አራት ሰዓት ላይ ገባን። የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ «ወረቀት አልባ መሥሪያ ቤት» ይላል። ሁለተኛው «ወረቀት አንቀበልም» ይላል። ሁለቱም ማኅተም ተመትቶባቸዋል።

ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል። መዝገብ ቤቱን የያዙት ሴት ግን አሉ። እትዬ ብዬ ልጥራቸው፤ ሁሉም የሚላቸው እንደዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሳቸውም ቃል ሲሰጧቸው መጀመሪያ ገልብጠው ያዩታል። መምህርቷ ማኅደሯን ስትዘረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ወረቀት አንቀበልም ልጄ። በሩ ላይ አላየሽም?»

«በኢሜይል ስልከው እየተመለሰብኝ ነው፣ እትዬ።»

«እኛ ምንም አልመለስን።»

«ሳጥኑ ሞልቷል ይላል።»

እትዬ መሳቢያቸውን ከፍተው የፖስታ ሳጥን ቁልፍ አወጡና ወደ ላይ አንጠለጠሉት። «ይኸውልሽ ቁልፉ። ሳጥኑን ትናንት ራሴ ነኝ የከፈትሁት። ሸረሪት አለ፤ ደብዳቤ የለም።»

እዚህ ላይ፣ ለዘገባዬ ያህል፣ ኮምፒዩተሩን ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ይቻላል አሉ። ኮምፒዩተሩ የእጅ ሥራ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዳንቴሉ ተነሣ፤ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ኮምፒዩተሩ ተከፈተ። የመጨረሻው መልእክት የገባው በፋሲካ ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም። ከታች በኩል አንድ ቀይ መስመር ሳጥኑ ጢም ማለቱን ይናገራል።

ሳጥኑን የሞላው ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም። ኃላፊው ለፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ለሠራተኛው፣ ለየትምህርት ቤቱና «ለሚመለከታቸው አካላት» ሁሉ ልከዋል። ከመልእክቱ ጋር ፎቶግራፍ አለ፦ ኃላፊው ከዚሁ ኮምፒዩተር አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ዳንቴሉ ላይ አሳርፈው። ፎቶው ግድግዳ የሚሸፍን ነው። አለቃ እንኳን አደረሳችሁ ሲል ዝም አይባልም። በልብ አሜን ማለትም አይበቃም፤ ማን አሜን እንዳለ ለሁሉም መታየት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ለሁሉም መለሰ፤ እያንዳንዱም አሜን የኃላፊውን ፎቶ አዝሎ ተመልሶ መጣ።

እትዬ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። «አርባ አንድ» አሉ። «እግዚኦ መሐረነም የሚባለው አርባ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።»

የአራተኛው ሩብ ዓመት ዜሮ ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ። ሰው ረክቶ አይደለም። የላከው ሁሉ በር ላይ እየተመለሰበት ነው። ሠራተኛው ደግሞ የሚመጣ ነገር ስለጠፋ አሠራሩ ሠራ ብሎ ተደስቷል።

ለሦስት ወረዳ አንድ የሆነው የኮምፒዩተር ባለሙያ በስልክ ተገኘ። «ሰርቨሩ ለአንድ ሳጥን የሚሰጠው አምሳ ሜጋ ባይት ነው» አለ። «ከሞላ አጥፉለት፤ ወዲያው ይለቃል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን እኔ አጥፉ አላልሁም» ብሎ ዘጋው።

እትዬ ስልኩን አስቀመጡ።

«አጥፉ አለ?»

«አላልሁም አለ እንጂ» አልሁ።

«የመንግሥት ሰነድ በአንድ ሰው እጅ አይጠፋም። ሠላሳ ዓመት ወረቀት አልጠፋብኝም፤ አሁን አውቄ ላጥፋ? እንዲያውም ለዚህ ኮሚቴ አለን።»

ኮሚቴው የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ነው። ያረጀ ወንበር፣ የተበሳ ጎማና የነቀዘ በር የሚያስወግደው እሱ ነው። ሰብሳቢው ሁሉም «ግምጃ ቤቱ» የሚሏቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ጸሐፊዋ እትዬ፤ አባሉ ሾፌሩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስለ ምሳ ተወያዩ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ጉዳዩ ተቀመጡ። መምህርቷ በር አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ታሪኳን ለእትዬ በምሳ ሰዓት ነግራቸዋለች፤ እትዬ ለኮሚቴው ነግረዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ያውቃል። ማወቅ ግን በአጀንዳ አልተያዘም።

«ዕቃው የት ነው?» አሉ ግምጃ ቤቱ።

«ኮምፒዩተሩ ውስጥ» አሉ እትዬ።

«ውጭ አውጥተን እንየው።»

«አይወጣም።»

«ያላየነውን ዕቃ እንዴት እናስወግዳለን? ያረጀ ነው የተሰበረ?»

«አሜን ነው» አለ ሾፌሩ። «አሜን ያረጃል?»

የማስወገጃ ቅጽ ቀረበ። በወረቀት ነው፤ ወረቀት አልባ ቅጽ ገና አልታተመም። እትዬ በጥሩ እጃቸው ሞሉት። የዕቃው ዓይነት፦ አሜን። ብዛት፦ አርባ አንድ። የብልሽቱ ምክንያት፦ ብዛት። ከዚያ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። ዓምዱ «ያጠፋው ሰው ስምና ፊርማ» ይላል። ቅጹ ሲሠራ ወንበር የሰበረውን ሰው ለመያዝ የተዘጋጀ ነው።

«እዚህ ላይ ማን ይፈርማል?» አሉ።

«የሚያጠፋው ሰው» አለ ሾፌሩ።

«እሱማ ሰሙ ነው። ወርቁስ? አጠፋሁ ብሎ የፈረመ ሰው ነገ ጥፋትህን አምነሃል ቢባል ምን ይመልሳል?»

በአማርኛ አንድን ነገር መሰረዝም ማጥፋት ነው፤ መበደልም ማጥፋት ነው። ይህን ኮምፒዩተሩን የሠሩት ሰዎች አያውቁም። ቢቸና ግን ያውቃል።

ግምጃ ቤቱ ለኃላፊው ደወሉ። ኃላፊው ከስብሰባ ውስጥ በሹክሹክታ አነሡ። ጉዳዩ ተነገራቸው። «ፎቶዬን?» ሲሉ ለሁላችንም ተሰማ። ከዚያ፣ «ስመለስ እንነጋገርበታለን።» የሚመለሱት ሰኞ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። ኮሚቴው ቢያንስ ቅጹ ሙሉ ይሁን ብሎ የየአሜኑን ላኪ ስም ማስፈር ጀመረ። እትዬ ያነባሉ፤ ሾፌሩ ይጽፋል። የመጀመሪያው አሜን የእትዬ የራሳቸው ነው። ሦስተኛው የግምጃ ቤቱ። ዘጠነኛው የሾፌሩ። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይኼስ አንተ ነህ!»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ነገሩ እርግጥ ነው። «አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚል፣ የኃላፊውን ፎቶ ያዘለ፣ በስሜ የተላከ መልእክት። «ከሚመለከታቸው አካላት» አንዱ እኔ ነበርሁ። ለምን እንደላክሁት አስታወስሁ፤ አሜን ያላለ ጋዜጠኛ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል።

«ጋዜጠኛው ሊዘግብ መጣ ስንል» አለ ሾፌሩ፣ «ለካ ዕቃውን ሊያይ ነው የመጣው።»

ሳቁብኝ። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ ሰዓቷን አየች። ያን ጊዜ እትዬ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ።

«ቆይ እስቲ። የመንግሥትን ሰነድ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። ሰው የገዛ ቃሉን ማንሣት ግን ይችላል፤ በሽምግልናም ያለ ነው። ቃሌን አንሥቻለሁ ካለ ማን ይከለክለዋል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አይነካም ያልሁት ሕጌ ትዝ አለኝ። በሌላ በኩል፣ በሠላሳ ሰባተኛው አሜን ቀድሜ ነክቻለሁ፤ ይህም መረጃ ነው። «ቃሌን አንሥቻለሁ» አልሁና ቁልፉን ተጫንሁ።

«ከቆሻሻ ቅርጫቱም ይውጣ ይላል» አለ ሾፌሩ ማሳያውን እያነበበ።

«አሜን ቆሻሻ ቅርጫት ገባ?» እትዬ አማተቡ። «ቶሎ አውጣው!»

አወጣሁት። ቀዩ መስመር በጣት ውፍረት ያህል ሸሸ። መምህርቷ ፍላሿን ይዛ በዝናቡ ውስጥ መንገዱን ተሻግራ ማዶ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሮጠች። አራታችን ማሳያው ፊት ቆመን ጠበቅን። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ኮምፒዩተሩ ቲን አለ።

የመጣው የእሷ አልነበረም። ከበላይ አካል የተላከ መመሪያ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ሲላክና ሲመለስ ከርሞ ክፍተት ሲያገኝ ዘው ያለ። ርዕሱ «የኢሜይል ቦታን በቁጠባ ስለመጠቀም» ይላል። ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በቀለም ስካን ተደርጎ ነው የተላከው። ግልባጩ ለአሥራ ሁለት ቦታ ነው። ቀዩ መስመር ወደ ቦታው ተመለሰ።

መምህርቷ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ተመለሰች። «አራተኛ ጊዜ መለሰብኝ» አለች። ማኅደሯን እንደ ጠዋቱ ደረቷ ላይ አቀፈችው። አሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር።

ሾፌሩ ኮርኒሱን አየ። ግምጃ ቤቱ ደግሞ ቅጹን አዩ፤ ሦስተኛው ተራ ላይ የራሳቸው ስም ተጽፏል። «የኔን አትንኩብኝ» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ልጆች አሉኝ።»

እትዬ ወንበራቸውን ሳቡ።

«የመጀመሪያውን አሜን ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላው የኔን አይቶ ነው የተከተለ።»

«እትዬ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ሲቀርዎ?» አሉ ግምጃ ቤቱ።

«እሱን አውቃለሁ። ይኼ ሳጥን አርባ አንድ አሜን ሲይዝ ጠበበኝ አላለም፤ አንዲት እናት መያዣ ግን አጣ።» ብዕራቸውን አንሥተው «ያጠፋው ሰው ስምና ፊርማ» ከሚለው ሥር ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፉና ፈረሙ። «በአንድ ፊርማ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ። ሂጂ፣ ሩጪ!»

ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት። በቀኝ እጃቸው መሐል ጣት፣ ማኅተም በሚይዙበት።

አሥር ሰዓት ከአምሳ ላይ ኮምፒዩተሩ እንደገና ቲን አለ። የእሷ ነው። እትዬ ከፈቱት፤ አተሙት፤ ማኅተም መቱበት፤ ገቢ ቁጥር ሰጡት። መምህርቷ ስትመለስ የታተመው ወረቀትና ጠዋት አልቀበልም የተባለችው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የእሷ ይበልጥ የጠራ መሆኑ ነው።

ዘገባዬን እንደ ልማዴ በእውነታው ላይ ብቻ ጻፍሁ። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት አልባ አሠራር መጀመሩን፣ በሩብ ዓመቱ አቤቱታ አለመቅረቡን፣ እና በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ በዚያው ሩብ ዓመት የመልእክት ሳጥኑ ሞልቶ እንደነበር። ጋዜጣው ሲወጣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የለችም። አዘጋጄን ጠየቅሁት።

«ቦታ አልበቃም» አለኝ።

መስከረም ላይ እትዬ ደወሉልኝ።

«ኃላፊው በመንግሥት ሰነድ ላይ ስላደረስኸው ጥፋት ማስጠንቀቂያ ጽፈውልሃል። የላክሁት እኔው ነኝ።»

«አልደረሰኝም፣ እትዬ።»

«አዎ፣ ተመልሷል። ሳጥንህ ሞልቷል አለ። በምን ሞላብህ?»

ከፍቼ አየሁ። ጋዜጣው ለሩቅ ዘጋቢ የሰጠው ቦታ ከቢቸናው አይበልጥም። አሜኖቹ የተላኩት ለሁሉም ነበርና ኃላፊው ከነዳንቴላቸው ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል። ማስጠንቀቂያቸውን በር ላይ የመለሰው የገዛ ፎቶግራፋቸው ነው። ዘገባዬን በሌላ አድራሻ መላክ ጀመርሁ እንጂ ያንን ሳጥን እስከ ዛሬ አልነካሁትም።

«ለእርስዎስ ጻፉ?» አልኋቸው።

«ለኔማ በእጅ ነው የሰጡኝ። ወረቀት ነው፤ አይመለስ። ገቢ ቁጥር ሰጥቼ የራሴ ማኅደር ውስጥ አኖርሁት።»

ጋዜጠኛ ነገሩን በዓይኑ ሳያረጋግጥ አይተውም። ጥቅምት ላይ፣ በሞጣ የገበያ ቀን፣ የጨርቅ ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። አንዲት ሕፃን ደፍ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ በክር ትሰካለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከጫማዬ እስከ ኮፍያዬ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ጮኸች።

«እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል!»

አያትየው ጥግ ተቀምጠው ጨርቅ ያጥፋሉ፤ ቀና አላሉም። ከጓዳ ብቅ ያለችው መምህርቷ ነበረች፤ እጇ ላይ ጠመኔ ነበር።